አባባ የቀለደበት ዓመት

አንደኛ ክፍልን የተማርኩት ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። ወንበሩ በእግር ሲረገጥ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሲለቁት ደግሞ እየተነፈሰ የሚወርድ ትምህርት ቤት የት አለ? ሰሌዳውስ ተማሪውን መልሶ የሚያሳይ? እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ያን የመሰለ አላየሁም።

ፀጉር ቤቱ የአያቴ የአባባ ነበር። ከቤታችን የፊተኛው ክፍል ሆኖ በአንድ በኩል ወደ መንገድ፣ በሌላ በኩል ወደ ጓዳችን ይከፈታል። አባባ እዚያ ቆሞ የሰፈሩን ራስ ሁሉ ሲከረክም ኖሯል። ሰው ግን የሚመጣው ለፀጉሩ ብቻ አልነበረም፤ ለወሬውም ነው። ፀጉሩ ገና ጣት ሳይዝ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነበረን። ወሬ ሲሞቅ ታዲያ አንዱ መናገር የሌለበትን ነገር ያመልጠዋል። ያኔ አባባ መቀሱን አየር ላይ ያቆምና «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ያብዳል። እኔን ከነጋ እስከ መሸ ስለማወራ «ጥንዚዛ» ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ጥንዚዛ ሲለኝ ዋናው ስሜ ተረስቶ ቀረ።

አንድ ጊዜ አባባ ሆስፒታል ገባና ሰንበት ብሎ ተመለሰ። እናቴ «ትንሽ ደክሞት ነው» አለችን። ቀኝ እጁ ዕቃ ሲይዝ ይዝላል፤ ዝምታም አብዝቷል። ፀጉር ቤቱም አልተከፈተም። የሚመጣውን ደንበኛ እናቴ በር ላይ ታነጋግረዋለች፤ እሱም ከንፈሩን እየመጠጠ ይመለሳል። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ አባባ ዕረፍት ወጥቷል ብዬ ደመደምኩ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ዕረፍት የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ እሱም ዕረፍት ሲወጣ ሁለት ቀን ሙሉ አይናገርም።

ያን ዓመት ትምህርት ቤት መግባት ነበረብኝ። የጎረቤት ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ሲያልፉ እናቴ «ዘንድሮ እዚሁ ትማሪያለሽ፤ አስተማሪሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ድቡልቡል እስኪወለድ ድረስ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ስለዚህ ሥራውን አታውቀውም ብዬ መከራከር አልቻልኩም። አኩርፌ ተቀመጥኩ።

ወዲያው ወደ አባባ ዞረች። «አባባ፣ እነዚህን ልጆች ብቻዬን አልችላቸውም። ረዳት መምህር ይሁኑልኝ። እርስዎ አጠገቤ ካሉ ይፈሩኛል።»

አባባ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ረዳት መምህር ተብሎ የተቀጠረው ሰው የክፍሉ መጨረሻ ተማሪ እንደሚሆን ያኔ ማን ገመተ?

እናቴ ለትምህርት ቤቱ የገዛችው ነገር አልነበረም። ትልቁ የፀጉር ቤት መስታወት ሰሌዳችን ሆነ፤ በቁራጭ ሳሙና እንጽፍበታለን፤ ሲበቃን በእርጥብ ጨርቅ እናጠፋዋለን። መደመርና መቀነስ የተማርነው ከማዕዘኑ ሱቅ በተሰበሰበ ቆርኪ ነው። ባቄላና አተር ቀላቅላ በትሪ ታቀርብና «በጣታችሁ ለዩ» ትለናለች። ልብስ የሚሰጣበትን መቆንጠጫ የባልዲ አፍ ላይ ዙሪያውን እንሰካለን። የፀጉር ውሃ መርጫውን እየጨመቅን ግድግዳ ላይ የሳልነውን ዒላማ እንመታለን። ካርቶን በመቀስ እንቆርጣለን። አባባ ሁሉንም ከእኛ ጋር ይሠራል፤ እናቴ ደግሞ «አባባ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩዋችሁ» ትላለች። ማሳየቱስ ቀርቶ መቆንጠጫው ከጣቱ እየሾለከ መሬት ይወድቅ ነበር። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ የሚቆርጠው ካርቶን አይጥ የበላው ይመስላል። «አባባ፣ የድቡልቡል ይሻላል!» ብዬ ስቄ እሞታለሁ። እሱም ካርቶኑን አገላብጦ አይቶ፣ ሌላ ያነሳል።

ቀጥሎ እናቴ ቤቱን በወረቀት ሞላችው። ከካርቶን እየቆረጠች ስም ትጽፋለች፤ በየዕቃው ላይ ትለጥፋለች። በሩ ላይ «በር»፣ መስኮቱ ላይ «መስኮት»፣ ማንቆርቆሪያው ላይ «ማንቆርቆሪያ»። እኔ ፊደል ከለየሁ ቆይቻለሁ፤ በጣም ተናደድኩ።

«እማዬ፣ በር መሆኑን ማን ያጣዋል?»

«ለወንድምሽ ነው።»

ድቡልቡል ያኔ ስም የሚያነብ ሳይሆን ስም የሚበላ ልጅ ነበር። «ወንበር» የሚለውን በልቶ ጨርሶ «መቀስ» ላይ ሲደርስ ነው የተያዘው። እናቴ ግን ስትጽፍ አትሰለችም፤ የተበላውን እየተካች ትለጥፋለች። ለማን እንደምትለጥፍ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ግን በዚያ ዕድሜ የልጅ ጥያቄ ሁሉ ስለራሱ ነው።

የአባባ ቀልድ የጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ወረቀቱ በማይታይበት በኩል አዙራ አነሳችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። እኔ እጄን አውጥቼ እየዘለልኩ ነው። እሷ ግን አባባን ታያለች። አባባ ማንቆርቆሪያውን አየው፣ አየው፣ ግንባሩን ቋጠረና «ጫማ» አለ።

ከወንበሬ ወደቅሁ። እውነቴን ነው፤ በሳቅ ወደቅሁ። አባባ በሕይወቱ ካወጣቸው ቀልዶች ሁሉ ያ በለጠብኝ። እናቴ አልሳቀችም፤ አስተማሪ ስለሆነች ነው አልኩ። ተነሥቼ እግሬን ወደ ማንቆርቆሪያው አስጠጋሁና «ጠበበኝ!» አልኩ። አባባ መጀመሪያ ደንግጦ አየኝ። ከዚያ የከንፈሩ አንድ ወገን ወደ ላይ ተሳበ፤ ከዚያም ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆዱ ሳቀ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆይታ ነው የተመለሰችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና አባባ የራሳችን ቋንቋ አወጣን። ጫማ ማለት ማንቆርቆሪያ ነው። ቁልፍ ማለት ዳቦ ነው፤ አንዳንዴ ግን ፎጣም ነው። «ያንን… ያንን ድመት» ካለኝ መነጽሩን ወስጄ እሰጠዋለሁ። እናቴ «እንዴት አወቅሽ?» ትለኛለች። ምን ያስቸግራል? አባባ በአፉ ቢቀልድም በዓይኑ አይቀልድም፤ የሚፈልገውን ነገር ያየዋል። እኔ የምሄደው ዓይኑ ወዳየበት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ስሜን ነበር። አባባ ጥንዚዛ ማለቱን ትቶ በየቀኑ አዲስ ስም ይሰጠኝ ጀመር። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ፊቱ እቆምና «አባባ፣ ዛሬስ ማነኝ?» እለዋለሁ። እሱ ጉልበቱን በቡጢ እየመታ፣ ጣሪያውን እያየ ይቆያል። ለእኔ የሚገባ ጥሩ ስም እየመረጠ መሰለኝ፤ አላስቸኩለውም። ከዚያ «ባቡር» ይለኛል። ወይም «ሳሙና»። አንድ ቀን «ሐሙስ» አለኝ፤ በደስታ ቤቱን ዞርኩት። ሐሙስ የሚባል ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንደሚቀልድ ማስረጃ አለኝ። እናቴ ከሰዓት በኋላ የተረት ትምህርት ታስተምረናለች። እሷ ግማሹን ትላለች፤ እኛ እንጨርሳለን። ቀድሞ የጨረሰ ቆርኪ ይወስዳል። «ቀስ በቀስ…» ስትል እኔ አፌን ሳልከፍት አባባ «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» ብሎ ያፈነዳዋል። «ድር ቢያብር…» «አንበሳ ያስር!» «ከመጠምጠም…» «መማር ይቅደም!» ቆርኪው ሁሉ ፊቱ ተቆለለ። ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ የቁጥር መዝሙራችንን ሲዘፍን አንድም ቃል አይስትም። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ማንቆርቆሪያ ጠፍቶበት ነው? «እማዬ፣ ያውቃል እኮ! ሲፈልግ ነው የሚቀልደው!» ብዬ ብዙ ጊዜ ከሰስኩት።

ሰው ስትሮክ ሲመታው ስሙን የረሳውን ዕቃ እያየ ሲቸገር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረውን ተረትና ዘፈን ግን እንዳለ ሊያገኘው እንደሚችል የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። እናቴ ያኔ ታውቅ ነበር፤ የሆስፒታሏ ነርስ ነግራታለች። ባቄላውም፣ መቆንጠጫውም፣ ውሃ መርጫውም ከዚያች ነርስ የመጡ ናቸው። እኔ ለድቡልቡል የመጡ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ ደወለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሌላ ከተማ ይኖራል፤ ከራሱ ላይ ኮፍያ የማይለየው ቁም ነገረኛ ሰው። እናቴ ካርቶን እየቆረጠች ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍታዋለች። እኔ ከፀጉር መታጠቢያው ሥር ሆኜ ቆርኪዬን እቆጥራለሁ።

«ልፋትሽን እናውቃለን፤ እግዜር ይስጥሽ» አለ አጎቴ። «ግን ልጆቹንም ከትምህርት አስቀርተሽ እስከ መቼ? እመጣና ራሴ እጠይቀዋለሁ። የሚመልስ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ አባዬን ይዤው እሄዳለሁ። ፀጉር ቤቱም ይከራያል።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡን» አለች እናቴ። «ከዚህ ቤት ካወጧቸው ያቺ የቀረችዋም ትጠፋለች።»

ምን እንደምትጠፋ አልገባኝም። የቀረው ግን ግልጽ ሆነልኝ፤ አጎቴ ተቆጣጣሪ ነው፤ መጥቶ ይፈትናል፤ አባባ ከወደቀ ወደ አጎቴ ከተማ ትምህርት ቤት ይዛወራል። የሚወድቀውም ባለማወቅ ሳይሆን በቀልዱ ነው! ያለ አባባ ያን ቤት አስቤው አላውቅም። ወንበሩን ማን ይረግጥልኛል? ጠዋት ማን ስም ይሰጠኛል? ከመታጠቢያው ሥር ወጥቼ ቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። መስታወቱን እየወለወለ ነበር።

«አባባ፣ ስማኝ። ጋሼ ሊፈትንህ ይመጣል። በዚያን ቀን ብቻ አትቀልድ። ማበጠሪያ ሲያሳይህ ማበጠሪያ በል። ካልሆነ ይዞህ ይሄዳል። እሱ ከሄደ በኋላ እስክትጠግብ ትቀልዳለህ። እሺ?»

አባባ ጨርቁን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሳሙናው ገብቶበት ነው ብዬ የቀሚሴን ጫፍ ሰጠሁት።

«እሺ» አለ።

እሺ የምትለዋ ቃል አንድም ቀን አልጠፋችበትም።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ያዝን። እኔ አስተማሪ፣ እሱ ተማሪ። መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ ፎጣ፣ መስታወት። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ይላል፤ አንዳንድ ቀን አንዱንም። «አባባ፣ ደግሞ ጀመርክ!» እያልኩ እቆጣዋለሁ። እሱ ሳይሰለች ከመጀመሪያው ይነሣል። እናቴ በጓዳው በር ቆማ ታየናለች፤ አትገባም።

አጎቴ ብስኩት ይዞ መጣ። ለእናቴ ሰላምታ ሰጠ፤ አባባን አቀፈ፤ ኮፍያውን ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ዙሪያውን ቃኘና «እነዚህን ወረቀቶች አንሷቸው። እያነበበ እንዳይመልስ» አለ። ልክ ነው፤ ፈተና ላይ መኮረጅ የለም። እኔና እናቴ ዞረን ነቀልናቸው። ቤቱ ራቁቱን ቀረ።

አጎቴ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባባ ልማዱ ሆኖ ከኋላው ቆመ። ሁለቱም በመስታወቱ ይተያያሉ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መ… መቀስ።»

አጨበጨብኩ። እናቴ በዓይኗ ተቆጣችኝ።

«ይሄስ?» ማንቆርቆሪያውን ጠቆመ።

አባባ አመነታ። «ጫ… ጫማ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አትቀልድ ብዬው!

«ይህቺስ ልጅ ማናት?» ወደ እኔ እየጠቆመ ነው።

አባባ ጉልበቱን መታ፤ ጣሪያውን አየ። «ሐሙስ።»

በፈተና መሀል እንኳ ምርጡን ስሜን ስላልነሳኝ ኮራሁ። አጎቴ ግን ፊቱ ወረደ። በመጨረሻ ማበጠሪያውን አነሳ። ስንት ጊዜ የተለማመድነው ነው! አባባ «ማ… ማ…» አለ። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬው አማጥኩ። «ማንኪያ።»

አጎቴ ማበጠሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። መሐረብ አውጥቶ ራሱን ጠረገ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ኮፍያው ከወረደ ወዲህ አጎቴ ራስ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አናቱ ላይ ያበራል።

«አየሽ አይደል?» አላት እናቴን በዝግታ። «በቃ።»

ድቡልቡል እንኳ ብስኩት ማኘኩን አቆመ። እናቴ የነቀልናቸውን ወረቀቶች ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ ፈራሁ። አባባ እንደሚሄድ ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ያኔ ነው።

አባባ ግን በመስታወቱ ውስጥ የታላቅ ልጁን ራስ ያያል። ቆይቶ ያቺን የዛለች ቀኝ እጁን አነሣና የአጎቴ አናት ላይ አሳረፋት፤ ለደንበኛ እንደሚያደርገው ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል አደረገው። በግራ ጣቱ የራሱን ከንፈር ጠቆመ።

«አፍ ሲያመልጥ…» አለ፤ አቆመ።

የተረት ትምህርት! ቆርኪ የማገኝበት ዕድል! ልጮኽ አፌን ስከፍት እናቴ በመዳፏ ከደነችኝ።

አባባ የአጎቴን አናት ሁለቴ መታ መታ አደረገ። «…ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!»

አጎቴ በመስታወቱ አባቱን አየው። የገዛ ራሱንም አየ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ያ ቁም ነገረኛ ሰው እንዲህ ይስቃል ብዬ በማላስበው ሳቅ ፈነዳ። እየሳቀ እንባው ይወርዳል፤ የአባባን እጅ ከራሱ ላይ አንሥቶ ይስማል። «አለ! አለ እኮ!» ይላል ለእናቴ። «አባዬ አለ!»

እኔ በንዴት እግሬን መሬት መታሁ። «አባባ! አትቀልድ ብዬህ አልነበር?»

ያን ዓመት ሙሉ አባባ የቀለደው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አሁን የራሴን ሴት ልጅ ቤት ውስጥ በቆርኪና በባቄላ ሳስተምር እናቴ እየመጣች ትቀመጣለች። ባለፈው መስታወት ላይ በሳሙና ስንጽፍ አየችንና ያን ዓመት አነሣን። «የባሌን አባት ‹ተቀምጠው ይማሩ› ልበላቸው?» አለችኝ። «እሺም አይሉኝ። ልጆቹን ያግዙኝ ስላቸው ግን መጡ።» ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። «ብነግርሽ ታዝኚላቸዋለሽ። ስታዝኚላቸው አይስቁም። ካልሳቁ ደግሞ አይናገሩም። የእኛ የሁላችን ፊት ላይ ፍርሃት ያዩ ነበር፤ አንቺ ፊት ላይ ግን ቀልድ ብቻ ነው ያዩት። ትምህርት ቤቱ እኮ አንቺ ነበርሽ።»

አጎቴ ያን የፈተና ዕለት ሻይ ጠጣ፤ ምሳ በላ፤ ስለ ኪራይ አላነሣም። ወደ ማታ ሊሄድ ተነሥቶ ሁላችንን ሳመን። በሩ ጋ ሲደርስ አባባ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። ኮፍያው ሚስማሩ ላይ ተረስቷል።

«ጥንዚዛ» አለ አባባ ወደ እኔ ዞሮ፤ «ኮፍያውን ስጪው።»

ጣሪያውን አላየም። ጉልበቱንም አልመታም። እናቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አጎቴ አንድ እግሩ ደጅ፣ አንድ እግሩ ቤት እንደሆነ ቀረ።

እኔ ኮፍያውን አውርጄ ሰጠሁትና ከንፈሬን ጣልኩ። «ጥንዚዛማ የድሮው ነው» አልኩት። «ዛሬ አዲስ ስም የለም?»

ከዚያ ወዲያ ባቡርም፣ ሳሙናም፣ ሐሙስም ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ያን ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ እየሳቀ ሲያለቅስ፣ አኩርፌ የተኛሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።